የድምፅ ኪኒን

ጋሽ እሺ ዛሬ ጠዋት እሺ አላለም። ሌላ ቀን ቢሆን እህቱ የአልጋውን መጋረጃ ገለጥ አድርጋ «ጋሼ፣ ነግቷል፣ ተነስ» ስትለው ገና ቃሏን ሳትጨርስ «እሺ!» ይላል፤ እሺታውም ግድግዳ አልፎ ጎረቤት ይቀሰቅሳል። ቅጽል ስሙ የወጣለት በዚሁ ነው። ና ሲሉት እሺ፣ ሂድ ሲሉት እሺ፣ ዛሬ ሳይዘንብ አይቀርም ሲሉትም እሺ። ዕድሜው ወደ ስልሳ ተጠግቷል፣ ጢሙም ሸብቷል፤ ከልጅነቱ ጀምሮ አእምሮው ዘገም ያለ ስለሆነ ግን የሸሚዙን ቁልፍ እስከ ዛሬ የምትቆልፍለት ታናሽ እህቱ ናት። ከአምስት በላይ መቁጠር አይሆንለትም። የሰው ኮቴ ግን አይስትም፤ ደረጃውን የሚወጣው ማን እንደሆነ በሩ ሳይንኳኳ ይናገራል፣ ሲናገርም በጩኸት ነው። አሁን አንገቱ ወደ ቀኝ ተጠምዝዞ፣ አገጩ ወደ ላይ ተወጥሮ፣ ዓይኑ ጣሪያው ላይ ተተክሎ ተጋድሟል። ከአፉ ዳር የወረደው ለሃጭ ትራሱን አርሶታል። እህቱ አንገቱን ልታቃናለት ብትሞክር እንጨት ሆነባት። «ጋሼ» አለችው ቀስ ብላ። ዓይኑ ከጣሪያው ሊወርድላት ታገለና አልወረደም። ያን ጊዜ ክው ብላ ቀረች፤ ምን እንዳደረገች ታውቃለችና።

መደርደሪያው ላይ ሁለት ብልቃጦች አሉ። ነጩ ኪኒን የመውደቁ ነው። ጋሽ እሺ ከወጣትነቱ ጀምሮ የሚጥል በሽታ አለበት፤ ነጩን ጠዋትና ማታ እየዋጠ ግን ሳይወድቅ ዓመታት አልፈዋል። አንድ ጊዜ ኪኒኑ አልቆ ቢቋረጥበት ደረጃው ላይ ወድቆ የፊት ጥርሶቹን አጥቷል፤ ከዚያ ወዲህ ነጩ ብልቃጥ በዚያ ቤት ከሰው እኩል ይከበራል። ቢጫው እንግዳ ነው። ባለፈው ወር እህቱ የአንድ አዳራሽ መጋረጃ ሰፍታ ለማድረስ ማሽኗ ላይ ተጣብቃ ስለነበር፣ ጋሽ እሺን ክሊኒክ ይዛው የሄደችው ባንክ ቤት የምትሠራው ልጇ ናት። ስትመለስ ብልቃጦቹን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና ቦርሳዋን ሳታወርድ፣ «ነጩ እንደ ድሮው ነው እማዬ። ቢጫው ደግሞ ለድምፁ ነው፣ ማታ ማታ አንድ» ብላ፣ ረፈደብኝ እያለች ወጣች። ለድምፁ። እናት የሰማችው ይህንኑ ነው፤ የገባትም ይህንኑ ነው። የወንድሟ ድምፅ የቤቱ መከራ መሆኑን የማያውቅ የለም፤ እንግዲህ ሐኪሙም አውቆላት፣ ሬዲዮ እንደሚቀነስ የሰውን ድምፅ የሚቀንስ ኪኒን ሰጠ ማለት ነው። ዘመኑ ስንቱን አመጣ ብላ ፈጣሪዋንም ሐኪሙንም አመሰገነች። ደግሞም ሠራ። ጋሽ እሺ መጀመሪያ ዝግ ብሎ መናገር፣ ቆይቶም በተቀመጠበት ማንጎላጀት ጀመረ። ብርጭቆ ሲይዝ እጁ ሲንቀጠቀጥ ጊዜ እርጅና ነው አለች።

ትናንት ግን ኪኒኑ አልረዳትም። ግድግዳ የምትጋራት ጎረቤቷ የልጅ ልጅ አግኝታ፣ አራሷ ልጇ ከነሕፃኑ እናቷ ቤት ገብታለች። ሕፃኑ አለቀሰ፤ ጋሽ እሺም ደስታውን አልቻለውም። «ሕፃን መጣ! ሕፃን አለቀሰ!» እያለ ለሕንፃው ሁሉ አበሰረ። ሕፃኑ ዝም ሲል ደግሞ «ተኛ! ሕፃኑ ተኛ!» ብሎ እያበሰረ ቀሰቀሰው። ጎረቤቷ የመጥረጊያውን እንጨት አንስታ ግድግዳውን እየደበደበች «ኧረ ዝም በል!» ብትለው እሺ ይላል፣ እሺ የሚለውም በጩኸት ነው። ወደ ማታ አከራዩ ራሱ ደረጃውን ወጥቶ በሩ ላይ ቆመና፣ ድምፁን እንኳ ከፍ ሳያደርግ፣ «ወይ እሱ ዝም ይበል፣ ወይ ሌላ ቤት ፈልጉ» ብሎ ወረደ። የተቆጣ አከራይ ይበርድለታል፤ ያልተቆጣው ነው የሚያስፈራው። ይህን ድፍን ወንድሟን ይዛ የት ቤት ልታገኝ ነው? ቢጫዋን ኪኒን ሰጠችው። እሱ ግን ስለ ሕፃኑ ማውራቱን ቀጠለ። ለድምፁ አይደል የታዘዘው፣ ድምፁ ከበዛ ኪኒኑም ይበዛል ብላ አንድ ደገመችው፣ ትንሽ ቆይታ አንድ ሠለሰችው። አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል ይባላል፤ እሷ ግን ያን ጊዜ አዋቂ የሆነች መስሏት ነበር። ሌሊቱን ድምፁ ሳይሰማ አደረ፣ እሷም ከስንት ጊዜ በኋላ የልቧን ተኛች።

አሁን ነጩን የምትሰጥበት ሰዓት ደርሷል። ኪኒኑን መዳፏ ላይ ይዛ ቆመች። በማንኪያ ውኃ ብትሞክር ማንኪያው በቀሩት ጥርሶቹ ላይ ተንቀጫቀጨ፣ ውኃውም በአንገቱ ወርዶ ደረቱ ላይ ፈሰሰ። ብትሰጠው ሊታነቅ ነው፤ ብትተወው ሊወድቅ ነው። ማሽኑ አጠገብ ያልጨረሰችው መጋረጃ ተንጥፏል፣ መስኮቱ ስር የእሱ ወንበር አለ፣ ወንበሩ ላይ ደግሞ ትናንት ሲለያይላት የዋለው የመጋረጃ ቀለበት ትልቁ ከትንሹ ሳይቀላቀል ተከምሯል። ቤቱ ጸጥ ብሏል። ይህን ጸጥታ ስንት ቀን ስትመኘው ነበር፤ አሁን ሲሰጣት የምትደበቅበት አጣች። ስልኳን አነሳችና ልጇ ጋ ደወለች። ልጇ ባንክ ቤቱ ሊከፈት ነው እያለች በሹክሹክታ ነው የምታወራው። «ስንት ሰጠሽው?» ስትላት እናት ሳታስበው «እንደታዘዘው» አለች። ውሸቱ ከአፏ ሲወጣ ቅልል ያለ ነበር፣ ከወጣ በኋላ ግን ከበዳት።

ወንድሟን ብቻዋን ልትሸከመው አትችልም። በሩን ስትከፍት ጎረቤቷ ኮሪደሩ ላይ የሕፃን ጨርቅ ታሰጣለች። «ዛሬስ ተመስገን፣ ጭጭ ብሎ አደረ» አለቻት። ከዚያ የእህትን ፊት አየችና ጨርቁን እዚያው ገመዱ ላይ ጥላ ተከተለቻት። አልጋው አጠገብ ስትደርስ አፏን በእጇ ያዘች። ከዚያ እሷ ብብቱን ያዘች፣ እህቱ እግሩን ያዘች፣ ደረጃውን አወረዱት። ባለ ታክሲው የተጠማዘዘውን አንገት ሲያይ መኪናውን አስነስቶ ሊሄድ ዳዳው፤ «ይተላለፋል እንዴ?» ብሎ ጠየቀ። አይተላለፍም ሲሉትም አላመነም፣ ዋጋውን ግን እጥፍ አድርጎ ጫናቸው። ፍርሃቱ በገንዘብ ሲታከም አየሁ ብላ በሌላ ቀን ትስቅበት ነበር። ዛሬ ጭንቅላቱን ደረቷ ላይ ደግፋ የምታዳምጠው ትንፋሹን ብቻ ነው። ይወጣል፤ ይቆያል፤ ይገባል። በቆየ ቁጥር የእሷም አብሮ ይቆማል። በየትራፊክ መብራቱ ሹፌሩ ስለ ነዳጅ መወደድ ያወራል፣ ጎረቤቷ «እውነት ነው፣ እውነት ነው» ትለዋለች፣ እሷ ከሁለት አንዱን አትሰማም።

ክሊኒኩ ኮሪደር ላይ ባለ ጎማ አልጋ ላይ አጋድመውት ተራ ጠብቁ ተባሉ። ጎረቤቷ አራሷን ብቻዋን ትቼ ብላ ተመለሰች። ግድግዳው አረንጓዴ ነው፣ የሰው ጀርባ የተደገፈበት ቦታ ሁሉ ጠቁሯል። ልጇ የባንክ ቤቱን ልብስ እንደለበሰች፣ ስሟ የተጻፈበትን ባጅ በጣቷ ሸፍና መጣች፤ አጎቷን ስታይ ፊቷ ተለዋወጠና የግንባሩን ላብ በመሐረቧ ጠረገችለት። እናትና ልጅ አግዳሚው ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ።  ገርበብ ካለው በር ኋላ አንዲት ነርስ ለባልደረባዋ ስታወራ ይሰማል፤ «ድሮ እኮ እንደዚህ ያሉት ብዙ ዕድሜም አልነበራቸው። አሁን ያረጃሉ፤ መናገር አይችሉ፣ ምናቸውን እንደሚያማቸው አናውቅ፣ ዝም ብሎ መገመት ነው።» ክፋት አልነበረባትም፣ የደከማት ሴት ናት። እህት ግን ቃሉ እንደ መርፌ ወጋት። ይናገራል እኮ ልትል አሰበች። በመናገሩ አይደል እዚህ ያደረሰችው።

ተራቸው ደርሶ አልጋውን ወደ ክፍሉ ሲያስገቡት፣ ሐኪሙ ያው ባለፈው ወር ያየው ወጣት ነው፣ አስታወሰው። ዓይኑን በባትሪ አየ፣ ክንዱን አጠፈ ዘረጋ፣ መንጋጋውን ዳሰሰ። «ቢጫውን በታዘዘው መጠን ነው የሚወስደው?» አለ። ልጇ «አዎ፣ እንደታዘዘው» አለች፣ እናቷን አምና። ሐኪሙ አገጩን አሸት አሸት አደረገና፣ እንግዲያው በዚያች መጠን ቢጫው እንዲህ ያደርጋል ብሎ እንደማይገምት፣ ምናልባት ዕድሜው ገፍቶ ነጩ ኪኒን ደሙ ውስጥ ተጠራቅሞ ሊሆን እንደሚችል ተናገረ። «ለጊዜው ነጩን እናቁመውና እንየው» ብሎ እስክሪብቶውን አነሳ። ነጩን ማቆም። እህት ደረጃውን አየች፣ ደሙን አየች፣ ሲሚንቶው ላይ የተበተኑትን ጥርሶች አየች። ብትናገር ልጇ ምን ትላታለች? ይከሷት ይሆን? ወንድሟን ይወስዱባት ይሆን? የሐኪሙን ጠረጴዛ ያዘች።

«ነጩን አትንኩበት። ቢጫው ነው» አለች።

«እንዴት አወቁ እናቴ?»

«ጨምሬበት ነው። ትናንት ሁለት ጨመርኩበት።»

ልጇ ዞር ብላ አየቻት። እናት አላየቻትም፣ የሐኪሙን እጅ ነው የምታየው። ሐኪሙ ግን አልተቆጣም፤ የጨመረችበትን ሰዓት ጠየቃት፣ ነገረችው። ከዚያ «ለምን ጨመሩ?» አላት።

«ድምፁ በዛ።»

«ትናንት ድምፁ ባሰበት?»

«ከፋ እንጂ! ቀኑን ሙሉ አላቋረጠም።»

«ምን ይሉት ነበር?»

«ያው ዝም በል ነዋ። ሌላ ምን ይሉታል?»

«እሱ ነው የነገረዎት?»

«ምን ይነግረኛል ልጄ፣ እኔም እሰማ የለም እንዴ።»

ሐኪሙ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ወንበሩን ወደ እሷ ጠጋ አድርጎ፣ ለበሽተኛ ብቻ በሚያወጣው ለስላሳ አነጋገር፣ «እርስዎም ድምፁን ይሰሙታል?» አላት።

«እኔ ብቻ መሰልኩህ? ሦስት ቤት አልፎ ይሰማል እኮ! ጎረቤቴ በመጥረጊያ እንጨት ግድግዳዬን ልታፈርሰው ነው፣ ዝም በል እያለች። አከራዬ ዝም ካላለ ቤቴን ልቀቂ አለኝ። ይህን ይህን ብሎ አይደል ቢጫው የታዘዘለት?»

 ሐኪሙ መጀመሪያ ልጇን፣ ቀጥሎ አልጋው ላይ የተጋደመውን ሰውዬ አየ። ጆሮው ሥር ቀላ። ቀስ እያለ፣ ከራሱ ጋር እንደሚነጋገር ሰው፣ ባለፈው ወር የሆነውን ተረከላት። ጋሽ እሺን ስለ መውደቁ ከጠየቀው በኋላ፣ እግረ መንገዱን ሌላም ሌላም ጠይቆት ነበር። ድምፅ ትሰማለህ? እሺ፣ እሰማለሁ። ይናገሩሃል? አዎ። ምን ይሉሃል? ዝም በል። ዝም በል የሚል፣ ሌላ ማንም የማይሰማው ድምፅ የሚሰማ ሰው ደግሞ ሕመሙ የታወቀ ነው፣ መድኃኒቱም የታወቀ ነው። እንደሱ ጥርት አድርጎ የመለሰለት ሰው ጥቂት ስለነበር አልረሳውም።

«ድምፅማ ይሰማል» አለች እህት። ገና እየገባት ነው፤ የገባት ያህል ሰውነቷ እየቀዘቀዘ መጣ። «ጆሮ ያለው ሰው ምን ይበልህ? አልሰማም ይበል?»

«እኔ የጠየቅሁት ሌላ ድምፅ ነበር» አለ ሐኪሙ። ከዚያ እሱም ራሱ ያለውን ገና እንደ ሰማ ሰው አንገቱን ደፋ። «እሱ ምን ያውቃል። የእኔ ጥፋት ነው፤ ቤተሰብ ጠይቄ ማረጋገጥ ነበረብኝ።»

ልጅቱ በሹክሹክታ «ስልክ ላይ ነበርኩ፤ ኮሪደር ወጥቼ» አለች። ማንም አልወቀሳትም፤ ለመውቀስ ንጹሕ የሆነ ሰው በክፍሉ ውስጥ አልነበረም፣ ከተጋደመው በቀር።

መርፌ ወጉት። ይፈታዋል ተባለ፤ እህት ግን መርፌ ሲባል ሌላ ስህተት ይሆን ብላ የነርሷን እጅ ሁለት ጊዜ አስቆመች፣ ምን እንደሆነ፣ ለምን እንደሆነ፣ ነጩን ይጣላ እንደሆነ አስነገረች። ነርሷ ያቺው ከበር ኋላ የምታወራው ናት፤ ሳትሰለች ነገረቻት። ከዚያ መጠበቅ ሆነ። እጇን አንገቱ ላይ አኑራ የምታውቀውን ጸሎት ሁሉ ጨረሰች፣ መልሳ ጀመረች። መዳፏ ሥር ያ የተወጠረው ጅማት ላላ ሲል አላመነችም። አገጩ ትንሽ ወረደ። ዓይኑ ከጣሪያው ወርዶ ግድግዳው ላይ፣ ከግድግዳው ወርዶ እሷ ላይ አረፈ። ኮሪደሩ ላይ አንድ ጋሪ እየተንቋቋ አለፈ፤ ጋሽ እሺ ደረቅ ምላሱን አላወሰና «የጋሪው ጎማ ላልቷል!» አለ፣ ኮሪደሩ እስኪያስተጋባ። ነርሷ እንደ ልማዷ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ «ቀስ በል አባቴ፣ ሌላ በሽተኛ ይረበሻል» አለችው። እህት የነርሷን ጣት ይዛ ከከንፈሯ አወረደችው። ሁለቱም ለምን እንዳደረገችው አወቁ፣ ነርሷም አልተቀየመችም።

ሐኪሙ ሲያሰናብታቸው የተናገረው ቃል ሁሉ ማስጠንቀቂያ ነበር። ቢጫው ቆሟል፤ የትናንቱ ግን ዛሬም ደሙ ውስጥ አለ። ትኩሳት ከመጣ፣ ሰውነቱ ተመልሶ ከተገተረ፣ መዋጥ ካቃተው፣ ሰዓት ሳይሉ ማምጣት። ነጩ አይቋረጥም፤ የጠዋቱን እዚሁ ውጦታል፣ የማታውን በሰዓቱ፣ አንድ ብቻ። «አንድ ብቻ» አለች እህት። «ምንም ቢሆን አንድ» አላት። እሺ አለች። እሺ ስትል የራሷ ቃል አስደነገጣት፤ በዚያ ቤት እሺ ማለት ገብቶኛል ማለት እንዳልሆነ ዛሬ አይታለች። ስለዚህ የተባለችውን ሁሉ ከመጀመሪያው ጀምራ መልሳ ለሐኪሙ ነገረችው፣ እሱም እስከ መጨረሻው ሰማት።

ቤት ሲገቡ ጎረቤቷ ሕፃኑን ታቅፋ ደጅ ላይ ጠበቀቻቸው። ጋሽ እሺ በሁለት ሰው ተደግፎ እያዘገመ ቢሆንም ሕፃኑን ሲያይ ቆመ። «ሕፃን!» አለ። ሕፃኑ ነቅቶ አለቀሰ። ጎረቤቷ ምንም እንዳልመሰላት «ይልቀስ፣ ሳንባው ይጠናል» አለችና ገባች። ልጅቱ ዛሬ ወደ ቤቷ አልተመለሰችም። አጎቷን ካስተኛች በኋላ ቢጫውን ብልቃጥ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች፣ እናቷ የመጋረጃውን ጨርቅ አጠፈች፣ የማሽኑን ክዳን ዘጋች፣ ብዙ ሰዓት በዚያች ጠባብ ቤት እየተላለፉ ዋሉ። በመጨረሻ ልጅቱ ፊቷን ወደ መስኮቱ አድርጋ ተናገረች።

«ሐኪሙ ድምፅ ይሰማል ሲለኝ፣ በዚህ ዕድሜው ደግሞ ዕብደት ተጨመረበት ብዬ ልነግርሽ አልቻልኩም። ለድምፁ ነው ብዬሽ ወጣሁ። የዕብደቱን ነገር ስትሰሚ ከምትደነግጪ ብዬ ነው።»

«አሁንስ አልደነገጥኩም?» አለች እናት። ቁጣ አልነበረበትም። «እኔስ ዋሽቼሽ የለ ጠዋት» አለች። ልጅቱ መጥታ አጠገቧ ተቀመጠች፣ ትከሻቸው ተነካካ።

የማታው ሰዓት ደረሰ። እናት መብራቱን አበራች፣ ነጩን ብልቃጥ ወደ መብራቱ ጠጋ አድርጋ አየችው። መደርደሪያው ላይ የቀረው ብልቃጥ አንድ ነው፣ የምትሳሳትበት ሌላ የለም፤ ቢሆንም ልጇን ጠርታ አሳየቻት፣ ልጇም «ነጩ ነው» አለች። አንዷን ኪኒን መዳፏ ላይ ጣለችና ክዳኑን ጥርቅም አድርጋ ዘጋችው። መዳፏን አየችው። ትናንትም የሰጠችው በዚሁ እጅ ነው። ዓመታት ሙሉ በየጠዋቱ በየማታው በዚሁ እጅ ነበር፤ አንድ ቀን ፈርታ አታውቅም። ወንድሟን ትራሱን አስደግፋ ቀና አደረገችው፣ ኪኒኗን በሁለት ጣቷ ይዛ ዓይኑ ፊት ከፍ አደረገችለት።

«እየው ጋሼ፣ አንተም እየው። ነጩ ነው። ምን እንደምሰጥህ እይ» አለችው።

ጋሽ እሺ ኪኒኗን አላየም። ፊት ፊቷን እያያት አፉን ከፈተላት።